እማማ ፀጥታ

አምስት ብልቃጥ አመለጠኝ፤ ዘፈኑን ግን ከነአዝማቹ ሸምድጄ ከፈተናው ወጣሁ። ሰውየው ድልድይ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፣ እሷ አውቶቡሱ ያመልጣትና በሌላ መንገድ ትሄዳለች፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዝናብ ይመጣል። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ዘፈን መኖሩንም አላውቅም ነበር። ፈልጌ አልሰማሁትም። እኔ ዓይኔን ከብልቃጡ ሳልነቅል፣ ጆሮዬ በራሱ ፈቃድ ወጥቶ ሲዞር ቆይቶ ያመጣልኝ ነው።

ሥራዬ ማየት ነው። የምሠራበት ፋብሪካ የመርፌ መድኃኒት ያዘጋጃል። መድኃኒቱ አውራ ጣት በምታክል የመስታወት ብልቃጥ ተሞልቶ፣ በጎማ ተከድኖ ወደ እኛ ክፍል ይመጣል። ስምንት ሴቶች ነን። ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ፀጉራችንን ሸፍነን፣ እያንዳንዳችን መብራት ያለው ሣጥን ፊት እንቀመጣለን። የሣጥኑ ጀርባ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነው። ብልቃጡን አንገቱን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ታዞሪዋለሽ። አትነቀንቂውም፤ ከነቀነቅሽው አረፋ ይሞላል። አምስት ሰከንድ ጥቁሩ ፊት፣ አምስት ሰከንድ ነጩ ፊት። ጥቁሩ ላይ የመስታወት ስባሪና የጨርቅ ብናኝ ይታያል፣ ነጩ ላይ ከክዳኑ የተቀረፈ የጎማ ፍርፋሪ። አዲስ ለምትገባ ልጅ መጀመሪያ የምነግራት፣ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ መስታወት ወደ ታች ይወርዳል ብዬ ነው። የቀረው ሁሉ ቀልብ ነው። እኛ ያሳለፍነው ብልቃጥ ቀጥሎ የሚገባው ሰው ደም ሥር ውስጥ ነው፤ ከእኛ በኋላ የሚያየው የለም።

እዚያ ወንበር ላይ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ጭልፊት ያሉኝ በሁለተኛው ዓመቴ ነው፤ አሁን ዕድሜ ተጨምሮበት እትዬ ጭልፊት ሆኗል። በዓመት አንድ ጊዜ ሁላችንም እንፈተናለን። መቶ ሃምሳ ብልቃጥ ይቀርብልናል፤ ከመካከላቸው ሃያው ሆን ተብሎ የተበላሸ ነው፣ የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቀው የኃላፊያችን መዝገብ ብቻ ነው። ከሃያው ቢያንስ አሥራ ስምንቱን ያላገኘች ትወድቃለች። ከሦስት በላይ ደህና ብልቃጥ የጣለችም ትወድቃለች፤ ስለዚህ ሁሉንም እየጣሉ መዳን የለም። ለወደቀች ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ዕድል ይሰጣታል። ያም ካልሆነ ወደ ካርቶን ክፍል ትወርዳለች፣ ሣጥን እያጠፈች ጡረታዋን ትጠብቃለች። የእኔ ጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሣጥን ማጠፍ ነውር የለውም። ግን ከዚያ ወንበር የምነሳው ጊዜዬ ሲደርስ በእግሬ ነው እንጂ ተገፍቼ አይደለም ብዬ ለራሴ ቃል ከገባሁ ቆይቻለሁ።

ኃላፊያችን የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ብልቃጥ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን አረፋ ባየች ቁጥር ትጮህ ነበር። በዘንድሮው ፈተና ከሃያው አሥራ አምስት ብቻ ማግኘቴን የነገረችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ እንደምትጠይቅ ሰው ጎንበስ ብላ ነው። ከዚያ ዓይን ሐኪም ዘንድ ላከችኝ። ሐኪሙ መብራት አበራ፣ ፊደል አስነበበ፣ መነጽሬን አገላብጦ አየ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን በስንት ጊዜ አንዴ ነው የማየው ብሎ ሸኘኝ። ደረጃውን ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ታች ስደርስ ደስታው አለቀ። ዓይኔ ደህና ከሆነ፣ አምስቱን ብልቃጥ ማን ነው ያሳለፋቸው?

መልሱን አውቀው ነበር፤ ማወቄን ነው ያልወደድኩት። ከሁለት ዓመት በፊት አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ጠይቀው ክፍላችን ውስጥ ሬዲዮ ገብቷል። ለእነሱ መድኃኒት ነው። ያለ ሙዚቃ ከምሳ በኋላ ያንቀላፋሉ፤ ሬዲዮው ከገባ ወዲህ የሚያመልጣቸው ብልቃጥ መቀነሱን ኃላፊያችን በቁጥር አሳይታናለች። ያን ጊዜ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ወጣት ሳለሁ እኔ ራሴ ከጎኔ ካለችው ጋር ስለ ሠርግ እያወራሁ፣ ከኋላዬ የተጣሉትን እየዳኘሁ፣ አንዲት ፍርፋሪ አታመልጠኝም ነበር። ድምፅ ለእኔ የውጭ ዝናብ ነበር፤ ይዘንባል፣ እኔ ቤት ውስጥ ነኝ። አሁን ጣሪያው ያፈሳል።

ታዲያ ሬዲዮውን ቀንሱልኝ አትያቸውም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ይህን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ መናገር የማልችል ብቸኛዋ ሰው እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልናገር፤ አያስመሰግነኝም።

ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ ሴት ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፣ ልክ የዛሬው ዕድሜዬ። ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ነበሩ። እኛ ወጣቶቹ ወሬ ስንይዝ ብልቃጡን ያስቀምጡና ወደ እኛ ዞር ይላሉ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ልጆች፣ እባካችሁ ዝም በሉልኝ። ዓይኔ አልደከመም፤ ጆሮዬ ነው አልዘጋ ያለኝ» ይላሉ።

እማማ ፀጥታ ብዬ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። አስመስዬ የምጫወተውም እኔ ነበርኩ። እሳቸው ወደ ዕረፍት ክፍል ሲወጡ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብዬ እቀመጥና፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ያችን ንግግር ከነድምፃቸው እላታለሁ። ጥርስ አላስከድንም። በመጨረሻው ዓመታቸው ጭራሽ መናገር ተዉ፣ እኛም ደከማቸው አልን። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተከታትለው ወደቁና ወደ ካርቶን ክፍል ወረዱ። እሳቸው ሄዱ፣ ስሙና ቀልዱ ቀሩ። ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አይተዋቸው የማያውቁ ልጆች፣ አንዷ ጮክ ብላ ባስነጠሰች ቁጥር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ልጆች፣ እባካችሁ ዝም በሉልኝ» ይላሉ። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እኔም አብሬ ስስቅ ኖሬያለሁ።

ስለዚህ መጠየቁን ትቼ ጆሮዬን በጉልበት እዘጋዋለሁ አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሦስት ሳምንት ነበረኝና ያዝኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጥጥ ጎሰጎስኩበት። የአደጋ ደወል እንድንሰማ ሲባል ጆሮ መድፈን ክልክል ነው፤ ግን በፀጉር መሸፈኛው ስር ማን ያየኛል ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ዓለም ሰላም ሆነች። ከዚያ አንዱ ብልቃጥ ላይ ቀጭን ነጭ ክር አየሁና ጣልኩት። ቀጥሎ ያለውም ላይ ክር አለ። አሥራ አንድ ብልቃጥ ጣልኩ። የመሙያ ክፍል ሠራተኞች ምን ለብሰው ነው የሚገቡት ብዬ አቤት ልል ስነሳ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አሥራ ሁለተኛውን ከእጄ ተቀብላ በጨርቅ ጠረግ አደረገችው። ክሩ የለም። ከውጭ ነበር የተለጠፈው። ጥጡ ቦታው ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ስነካካው ጓንቴ ላይ ተጣብቆ፣ ከጓንቴ ወደ ብልቃጡ የሄደ የራሴው የጆሮ ጥጥ ነው። ብልቃጥ ሳይጠረግ አይጣልም፤ ይህን የምናስተምረው በመጀመሪያው ቀን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ልጅቷ ለማንም አልተናገረችብኝም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ባየችኝ ቁጥር ሳቋን ለማፈን ጉንጯን ስትነፋ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ልምምዱን ወደ ቤት ወሰድኩት። የምኖረው ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር ነው። ልጄ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፌንጣ እንላታለን፣ አንድ ነገር ላይ ስታርፍ አይተናት አናውቅምና። ማታ ማታ ከራት በፊት ልጄ አንድ ሳህን ምስር ውስጥ ሠላሳ ትንንሽ ጠጠር ትቀላቅልልኛለች። እኔ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ሰዓት ይዤ እለቅማለሁ። ፌንጣ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

በመጀመሪያው ማታ ሃያ ሁለት ጠጠር አገኘሁ። በተጨማሪም የትኛው ቡድን ስንት ለስንት እንዳሸነፈና ነገ የትኛው መንገድ ለጥገና እንደሚዘጋ አወቅሁ። ፌንጣ በዚያው ጊዜ አንድ መስመር ተኩል ጽፋ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ስንጥቅ ግመል እንደሚመስል፣ የጎረቤት በር ሁለት ጊዜ እንደተዘጋና የእኔ አፍ ስለቅም እንደሚንቀሳቀስ ደረሰችበት። ሁለታችንን ያየ በሽታው አንድ ነው ይላል። ልዩነቱ የእሷ በር ገና አልተሠራም፣ የእኔ ደግሞ ማጠፊያው ላልቷል።

ከመካከላችን ጤነኛዋ ልጄ ብቻ ነበረች። ቤት ውስጥ ስልኳን አትለቅም፣ ስትጠራም የምትሰማው በሦስተኛው ነው። መሪ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ናት። አንድ ቀን አውቶቡሷ ውስጥ ተሳፍሬ አይቻታለሁ። ስድሳ ሰው ይንጫጫል፣ ሁለት ሰዎች በወንበር ተጣልተው አንገት ለአንገት ተያይዘዋል፣ ሕፃን ያለቅሳል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መንገዱን ታያለች። እንዴት እንደምታደርገው ማታ ምስሬን እየለቀምኩ ጠየቅኳት፤ ዘዴ ካላት ልትሰጠኝ ነው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ምንም አላደርግም» አለችኝ። «ዝም ብሎ አይገባም።»

በወጣትነቴ እኔም ምንም አላደርግም ነበር። ጉብዝና ነው ብዬ የኮራሁበት፣ ጭልፊት የተባልኩበት፣ እኒያን ሴት የሳቅሁባቸው ነገር ከዕድሜዬ የተሰጠኝ እንጂ ሠርቼ ያገኘሁት አልነበረም። አሁን ዕድሜ የሰጠኝን መልሶ ሲወስደው ነው ሥራው የሚጀመረው።

በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ፌንጣ ከትምህርት ቤት የክፍል ሥራዋን ጨርሳ መጣች። ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው፤ እናቷ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ገለጠችው። መምህሯ ቦታ ቀይራታለች፣ ከመስኮቱ አርቃ ግድግዳው ጋ አስቀምጣታለች። ማን ነገራት ስላት፣ እኔ ራሴ ነኝ አለችኝ፤ ወፎቹ አላስጽፍ አሉኝ ብላ እጇን አውጥታ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጠይቃለች።

«ልጆቹ አልሳቁብሽም?» አልኳት።

«ስቀዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጨረስኩ» አለችና ስለ ግመሉ ስንጥቅ ታወራኝ ጀመር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጡረታ ከወጡት የፋብሪካው ዘበኛ አድራሻ ጠይቄ እማማ ፀጥታ ቤት ሄድኩ። አሁን ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ምራታቸው በሩን ከፈተችልኝ። እሳቸው አንድ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ አሁንም ቀጥ ብለው። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ለምራታቸው ማንነቴን መናገር ስጀምር፣ «ጭልፊት» አሉ ከውስጥ፤ በድምፄ ነው የለዩኝ።

በመንገድ ላይ ሙሉ የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ከመጀመሪያው ይልቅ ከመጨረሻው ጀመርኩት። መውደቄን፣ የዓይን ሐኪሙን፣ ጥጡን፣ ምስሩን ነገርኳቸው። ጥጡ ጋ ስደርስ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ፣ ያኔ እርስዎ ሲወጡ እኛ ከኋላዎ፣ ማለት ጀመርኩ። እሳቸው ጨረሱልኝ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔ ባዳ አልነበረም ልጄ። አልዘጋ ብሎኛል እያልኳችሁ፣ አትሰማንም ብላችሁ እንዴት አሰባችሁ? የዕረፍት ክፍሉ ግድግዳ እኮ ስስ ነው።» ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ድምፄን ግን ጥሩ አድርገሽ ነበር የምትይዢው» አሉኝ።

ክው አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጽናናኝ ነገር አለማወቃቸው ነበር። የምገባበት ጠፋኝ፤ አፈርኩ፣ ከማፈርም አልፎ አመመኝ። እሳቸው ግን ሊያጽናኑኝም ሊወቅሱኝም አልሞከሩም፤ ወደ ሥራው ገቡ። ፈተናው በስንት ሰዓት ነበር አሉኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልኳቸው።

«ሞኝ። በኛ ዕድሜ ከቀትር በኋላ ይፈተናል? ጠዋት ግቢ። ጠዋት ጆሮም ገና ከመኝታው አልተነሳም። የቀረውን ደግሞ ትጠይቂያቸዋለሽ።»

እንደማይሆንልኝ ነገርኳቸው። ያች ንግግር በዚያ ክፍል ውስጥ ዛሬም የምትሳቅ ቀልድ መሆኗን፣ ሰውም እንደ ቁም ነገር እንደማይሰማኝ፣ እየተንተባተብኩ።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ልማድ ነው፣ ሳያውቁት ነው። «ሳቃችሁን ከሰማሁ በኋላ መጠየቅ ተውኩ» አሉ። «የወደቅኩት ዝም ካልኩ በኋላ ነው። አንቺ ቢስቁም ድገሚው።»

ሰኞ ኃላፊያችን ዘንድ ሄጄ ፈተናዬን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እንድታደርግልኝ ጠየቅኳት። ያለ ምንም ጥያቄ ፈቀደችልኝ፤ ታዝንልኝ ነበርና። ፈተናው ግን እንደ ደንቡ በሥራ ክፍላችን፣ በተለመደው የሥራ ሁኔታ፣ ሁሉም በቦታው እያለ ነው አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ትሪዎቹ መቶ ሃምሳ ብልቃጥ ይዘው አጠገቤ ተደርድረዋል። ኃላፊያችን መዝገቧን ታቅፋ ከኋላዬ ቆማለች። ሬዲዮው ላይ አንድ ሰውዬ ስለ ጎረቤቱ ዶሮዎች ያወራል። የመጀመሪያውን ብልቃጥ አንስቼ ጥቁሩ ፊት አዞርኩት። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ዶሮዎቹ ስንት እንደሆኑና አውራው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አውቄ ነበር። ብልቃጡን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

ወደ ክፍሉ ዞርኩ። እጆቼ የት እንዳሉ ያስተዋልኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።

«ልጆች፣ እባካችሁ ዝም በሉልኝ። ሬዲዮውንም ዝጉልኝ። ዓይኔ አልደከመም፤ ጆሮዬ ነው አልዘጋ ያለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዷ አጨበጨበች። ሌላዋ፣ እትዬ ጭልፊትን ፈተና እንኳ አያስፈራትም አለች። ኃላፊያችን ራሷ መዝገቧን ወደ አፏ አስጠግታ ፈገግ አለች። በሕይወቴ ሁሉ እንደዚያች ቅጽበት መሳቅ ቀሎኝ አያውቅም። ከንፈሬ ጀምሮም ነበር። አብሬያቸው ብስቅ ሁሉም ይረሳል፣ እኔም ተወዳጇ ቀልደኛ እንደሆንኩ ወደ ካርቶን ክፍል እወርዳለሁ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ያንኑ ንግግር፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ ደገምኩት። አሁን የሳቁት ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱም መሃል ላይ ተዉት። ሬዲዮው ላይ ሰውየው ዶሮዎቹን እየቆጠረ ነው።

«ይህን ንግግር ቀልድ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «የንግግሩ ባለቤት አልቀለዱም ነበር። እኔም አልቀለድኩም።»

ከጥግ ያለችው ልጅ ፈራ ተባ እያለች እኛስ ምን ልንሆን ነው አለች፤ ያለ ሙዚቃ እንቅልፍ ይጥላታል፣ እውነቷን ነው። ኃላፊያችንም በለሆሳስ፣ ለፈተና ብቻ ሲባል ክፍሉን መለወጥ ደንቡ አይፈቅድልኝም አለችኝ።

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምስር ስለቅም የሰነበትኩት በከንቱ አይደለም። ለፈተናው ብቻ እንዳልጠየቅኋት ነገርኳት። ፈተናው በሥራው ሁኔታ ከሆነ፣ የምጠይቃት ሥራውን ነው። በየቀኑ እስከ ምሳ ድረስ ዝምታ፣ ከምሳ በኋላ ሙዚቃ። ጠዋት እነሱም ቢሆኑ ገና አልደከሙም። ከቀትር በኋላ የሚመጣውን ድምፅ እኔ ጥርሴን ነክሼም ቢሆን እችለዋለሁ፤ ባልችል ደግሞ ያን ጊዜ የእኔን ትሪ ለወጣት ዓይን ትስጠው፣ እኔ ጠዋት የእነሱን ልውሰድ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለአንዷ የሚበጀው ለሌላዋ አይበጅም፤ የሁላችንም ተራ ግን ይመጣል አልኳት።

ኃላፊያችን መዝገቧን ከፈተች፣ ዘጋች። ጆሮዬ የዶሮዎቹን ቁጥር አሥራ ሰባት አድርሶታል። ይሄኔ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ፣ ያች ብልቃጡን የጠረገችልኝ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ተነስታ ሬዲዮውን ዘጋችው። ስትመለስ ጉንጯ አልተነፋም።

ኃላፊያችን ዞራ አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እስከ ምሳ ይዘጋ» አለችና የሰዓት መቁጠሪያዋን ተጫነች።

ፍጹም ፀጥታ የሚባል ነገር የለም። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ነበር፣ ብልቃጥ ከብልቃጥ ሲነካካ ነበር፣ የአንዷ ወንበር ሲጢጥ ሲጢጥ ይል ነበር። ሁሉም ጆሮዬ ውስጥ ገቡ። ግን ከእነዚህ ጋር መታገል ይቻላል፤ ታሪክ የላቸውም፣ ቀጥሎ ምን ይሆን አያሰኙም። ቀልቤ በወጣ ቁጥር አንገቱን ይዤ እመልሰዋለሁ። አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆንኩ። ዘጠናኛው ብልቃጥ ገደማ ላይ ጥቁሩ ፊት አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች። አረፋ መሰለችኝ። እጄ ሊያሳልፈው ሲል ያዝኩትና ጠበቅሁ፤ ነጥቧ ትንሽ ዋለለችና ወደ ታች ወረደች። ለብቻው ባለው ትሪ ላይ አኖርኩት።

ከሃያው አሥራ ዘጠኙን አገኘሁ፣ ደህናውን ደግሞ አንድ ብቻ ጣልኩ። ኃላፊያችን ውጤቱን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ያመለጠኝ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳት፤ የጎማ ፍርፋሪ ነበር፣ መቶ አርባ ሰባተኛው ላይ። አላማረረኝም፣ ግን እስካሁን አልረሳሁትም። በዚያው ቅዳሜ እማማ ፀጥታ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። አሥራ ዘጠኝ ስላቸው፣ ሃያኛውስ አሉኝ።

ይህ ከሆነ አሁን ሁለት ወር አልፎታል። ጠዋት ጠዋት ክፍላችን ከብልቃጥ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማበትም። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል አልልም፤ ሁለቱ አሁንም ያኮርፉኛል፣ ከጥግ ያለችውም ልጅ እስከ ምሳ ድረስ ማስቲካ እያኘከች ነው የምትነቃው። ማስቲካውን እሰማዋለሁ። ምንም አልላትም፤ መቻል ያለብኝን ያህል እችላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት አዲስ ልጅ ገባች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እጇ ፈጣን ነው፣ አረፋና መስታወት በሁለት ቀን ለየች። ከኋላዬ በሦስተኛው ወንበር ተቀምጣ ለጎረቤቷ ስትንሾካሾክ ሰማኋት፤ እንዲህ ባለ ፀጥታ ውስጥ ሹክሹክታ የት ይደበቃል። እማማ ፀጥታ ዛሬ ደግሞ ፊቷን ምን አጠቆረው አለች። እኔን ነው። ስሙ ሠላሳ ዓመት ዞሮ ባለቤቱን አግኝቷል። ጆሮዬ ላይ ሲያርፍ ደሜ ፈላ፣ ከዚያ እኒያ ሴት ስንት ጠዋት እንደዚህ እየሰሙ ብልቃጥ እንዳዞሩ አሰብኩ።

ያን ጊዜ ብልቃጥ በእጄ ነበር፣ ጥቁሩ ፊት፣ ሁለት ሰከንድ ቀርቶታል። ጨረስኩት። ነጩ ፊት አምስት ሰከንድ ያዝኩት። ንጹሕ ነበር፣ አሳለፍኩት። ከዚያ ዞር አልኩና እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት። «እባክሽ ዝም በይልኝ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔም ወደ ሣጥኔ ተመልሼ ቀጣዩን አነሳሁ።